ከቦታ ምዝገባ የሰዎችን እንቅስቃሴ መተንበይ፦ የትክክለኛነት መቶኛው ምን ይለካል?

መግቢያ

ሰዎች ወዴት እንደሚሄዱ አስቀድሞ መገመት ለትራንስፖርት ዕቅድም ሆነ ለወረርሽኝ ቁጥጥር ይጠቅማል። ለዚህ ከሚውሉት ምንጮች አንዱ ተጠቃሚዎች ያሉበትን ቦታ እየመዘገቡ ለወዳጆቻቸው የሚያሳውቁባቸው የማኅበራዊ ትስስር መረቦች መረጃ ነው። ይህ ጽሑፍ በዚህ መስክ የሚቀርቡ የትክክለኛነት መቶኛዎች እንዴት ሊነበቡ እንደሚገባ ይመረምራል።

ሁለት መነሻ ጥናቶች

እ.ኤ.አ. በ2010 ሶንግ፣ ባራባሲና ባልደረቦቻቸው የ50,000 የተንቀሳቃሽ ስልክ ተጠቃሚዎችን የሦስት ወር መዝገብ መርምረው፣ የእንቅስቃሴ ተተንባይነት በአማካይ 93 በመቶ እንደሚደርስ በኢንትሮፒ ስሌት አሳዩ። ይህ ቁጥር የትኛውም አልጎሪዝም ሊያልፈው የማይችለው ጣሪያ ነው፤ በተግባር የተገኘ ውጤት ተደርጎ መጠቀስ የለበትም። ቦታውም የተለካው በስልክ ማማ የሽፋን ክልል ነው።

በ2011 ደግሞ ቾ፣ ማየርስና ሌስኮቬች ጎዋላና ብራይትካይት ከተባሉ ሁለት መረቦች የተገኙ ምዝገባዎችን ከስልክ መዝገብ ጋር አነጻጸሩ። ከጎዋላ ብቻ 6.4 ሚሊዮን ያህል ምዝገባዎች ተሰብስበዋል። ሞዴላቸው ሰውን በቤትና በሥራ ቦታ መካከል እንደ ሰዓቱ የሚመላለስ አድርጎ ይወስድና የወዳጆቹን የቅርብ ጊዜ ምዝገባ ይጨምርበታል። በውጤቱም ከእንቅስቃሴው ከ50 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው በዕለታዊ ልማድ፣ ከ10 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው በማኅበራዊ ግንኙነት ይገለጻል። የወዳጅነት ተጽዕኖ በአጭር ርቀት ጉዞ ላይ እምብዛም አይታይም፤ በረጅም ጉዞ ላይ ግን ይጎላል።

ውይይት

የስልክ መዝገብ የሚፈጠረው ባለስልኩ ቦታውን ለማሳወቅ ሳያስብ፣ ሲደውል ወይም ሲደወልለት ነው። የቦታ ምዝገባ ግን ምርጫ ነው፤ ሰው በየዕለቱ ከሚመላለስበት ቢሮ ይልቅ አዲስ የገባበትን ምግብ ቤት ማሳወቅ ሊመርጥ ይችላል። ስለዚህ በዚህ መረጃ የሠለጠነ ሞዴል በቅድሚያ የሚተነብየው ቀጣዩን ምዝገባ ነው። ያልተመዘገበ ጉዞ እንዳልተደረገ ከተቆጠረ የልማድ ድርሻ ያንሳል፣ የልዩ ጉዞ ድርሻ ይገዝፋል። በአንጻሩ «ሌሊት ቤቱ ነው» የሚል ተራ ግምት በስልክ መዝገብ ላይ ከፍተኛ ነጥብ ያገኛል፤ ለዕቅድ አውጪው ግን አዲስ ነገር አይነግረውም።

ማጠቃለያ

በዘርፉ ለሚሠሩ ተመራማሪዎች ሦስት ነጥቦች ይጠቅማሉ። አንደኛ፣ ውጤት ሁልጊዜ ከተራ የልማድ ግምት ጋር ተነጻጽሮ ይቅረብ። ሁለተኛ፣ ቀድሞ የተጎበኙና አዲስ ቦታዎች፣ አጭርና ረጅም ጉዞዎች ተለይተው ይለኩ። ሦስተኛ፣ መረጃው ለሥልጠናና ለፍተሻ ሲከፈል የጊዜ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፤ አለበለዚያ ሞዴሉ ያለፈውን ከወደፊቱ ይማራል።

የምስጢር ጥበቃም አብሮ ሊታሰብ ይገባል። የወዳጆች ምዝገባ የአንድን ሰው ጉዞ ለመተንበይ የሚረዳ ከሆነ፣ የራሱን ቦታ ያልገለጸ ሰውም በወዳጆቹ በኩል ሊጋለጥ ይችላል። ስለሆነም የአንዱ ተጠቃሚ ፈቃድ ለሌላው ፈቃድ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።