የተጫረው ሰዓት

ከደባርቅ ተነሥቶ የቧሂትን ተራራ የተሻገረ መንገደኛ ወደ መካነ ብርሃን ይወርዳል፤ ከዚያ ደረስጌ ሩቅ አይደለችም። ደረስጌ በታሪክ የታወቀች ስፍራ ናት። ስሜንንና ትግሬን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ በ1847 ዓ.ም. ግን ደጃዝማች ካሣ ውቤን በጦርነት ድል ነሡና በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ይህ ትምህርት ግን የዘውድ ሳይሆን የአንድ የእጅ ሰዓት ነገር ነው።

በደረስጌ አንድ ሽማግሌ ከልጅ ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ሽማግሌው ከማይዝግ ብረት የተሠራ ሰዓት ነበራቸው። ሰዓቱ የሟች ወንድማቸው ነበረ፤ በጀርባውም የወንድማቸው ስም በቀጭን ፊደል ተቀርጾበት ነበር። ሽማግሌው ንባብ ስላልተማሩ ስሙን በዓይናቸው ሳይሆን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ያነቡት ነበር።

አንድ ቀን ሽማግሌው ወደ ልቅሶ ሲሄዱ ሰዓቱን በቤት ተዉት። ልጁም ሳያስፈቅድ አሥሮት ወደ መስክ ወጣ። ለጓደኞቹ ሊያሳይ ፈትቶ በሰፊ ድንጋይ ላይ ቢያኖረው፥ አንዲት ፍየል መጥታ ገፋችው፤ ሰዓቱም ድንጋዩን እየፋቀ ወደ ታች ወደቀ። በጎኑ ሁለት፥ በጀርባው አንድ ጭረት ወጣበት።

ልጁ እጅግ ደነገጠ። ሴቶች ድስት በአመድና በአሸዋ እየፈተጉ ሲያጠሩ አይቶ ነበርና ወደ ወንዝ ወርዶ ሰዓቱን እንደዚያው ፈተገው። ጭረቱ ግን አልጠፋም። ይልቁንም ያበራ የነበረው ብረት ፈዘዘ፤ በሦስት ጭረት ፈንታ እልፍ ደቃቅ ጭረት ወጣበት። የስሙም ፊደል ሳሳ። ልጁ ይህን ባየ ጊዜ ሰዓቱን በጎታ ውስጥ ከእህል በታች ደበቀው።

ሽማግሌው ተመልሰው ሰዓታቸውን ቢፈልጉ አጡት። ጎረቤቶችም፦ «ከእረኛው በቀር ማን ሊወስደው ይችላል?» አሉ። እረኛው አባትና እናት የሌለው፥ በደመወዝ ያደረ ልጅ ነበረ። ምሎ ቢክድ የሚያምነው አላገኘም። በዚያች ሌሊት ከጥጆቹ ጋር ተኝቶ ሲያለቅስ የሽማግሌው የልጅ ልጅ ሰማው፤ እንቅልፍም አልወሰደው።

ሲነጋ ልጁ ሰዓቱን ከጎታው አውጥቶ በአያቱ ፊት ቆመ። «አባባ፥ የወሰድሁትም ያበላሸሁትም እኔ ነኝ። እረኛው ምንም አያውቅም» አለ። ሽማግሌው ሰዓቱን ተቀብለው ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ፦ «የወንድሜ ስም ሳስቷል። ተነሥ፥ ደባርቅ ሄደን ለሚያውቅ ሰው እናሳየው» አሉት።

ሰዓት ሠሪው በአጉሊ መነጽር አይቶ፦ «በምን ፈተግኸው?» ብሎ ልጁን ጠየቀው። «በአመድና በአሸዋ» አለ። ሰዓት ሠሪውም መነጽሩን ሰጥቶ ራሱ እንዲያይ አደረገው። ልጁ በመነጽሩ ቢመለከት ብረቱ ክረምት የቦረቦረው የእርሻ ተዳፋት መስሎ ታየው።

ጭረት ማለት በእርግጥ ቦይ ነው። ገበሬ ጎርፍ የቀደደውን ቦይ ከሌላ ስፍራ አፈር አምጥቶ ይደፍነዋል፤ የብረትን ቦይ ግን እንዲህ ማድረግ ቀላል አይደለም። ብረት አቅልጦ የሚሞላ መሣሪያ ያላቸው ታላላቅ የሥራ ቤቶች አሉ፤ በተራ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ግን ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ይኸውም በቦዩ ዙሪያ ያለውን ብረት እየፋቁ እስከ ቦዩ ወለል ድረስ ዝቅ ማድረግ ነው። ስለዚህ ጭረት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ በጥቂቱ ይሳሳል። በየጊዜው የሚሳል ቢላዋ እየሳሳ እንደሚሄድ ያለ ነው፤ ጭረቱ ጥልቅ ከሆነ የሚወጣው ብረት ይበዛል፥ የሰዓቱም ስል ጠርዝ ይዶለዱማል።

አሸዋ ስለ ምን ከፋ? በአሸዋና በአቧራ ውስጥ ከብረት የሚጠነክር ቅንጣት አለ፤ ቅንጣቱም አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ነው፤ ትልቁ አዲስ ቦይ ይቀድዳል። የሰዓት ሠሪ ማወልወያም ቢሆን ብረትን የሚጭር ጠንካራ ዱቄት ነው፤ ልዩነቱ ቅንጣቱ እኩልና እጅግ የላመ መሆኑ ነው። ስለዚህ ማወልወል ማለት ዓይን እስከማያየው ድረስ አድርጎ በደቃቁ መጫር ነው ቢባል ስሕተት የለበትም።

ልጁ፦ «ከእንግዲህ ይዝጋልን?» ብሎ ጠየቀ። ሰዓት ሠሪው፦ «ስለዚህስ አትፍራ» አለው። የማይዝግ ብረት ከመቶው ከ10 እጅ የሚበልጥ ክሮሚየም የሚባል ማዕድን ተቀላቅሎበታል። ክሮሚየሙ ከአየር ጋር ተዋሕዶ በብረቱ ላይ እንደ ስስ ቆዳ ይሆናል፤ የቆዳው ውፍረት አንድ ሚሊሜትር ለሚሊዮን ቢከፈል ከዚያ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። ብረቱ በተጫረ ጊዜ ቆዳው ይቀደዳል፥ ነገር ግን አየር ሲያገኝ ወዲያው ተመልሶ ይበቅላል። ሃሪ ብሬርሊ የሚባል እንግሊዛዊ በ1905 ዓ.ም. በሸፊልድ ከተማ እንዲህ ያለ ብረት ሠራ፤ ይፈልግ የነበረው ግን ቶሎ የማይበላ የጠመንጃ አፈ ሙዝ እንጂ የሰዓት ብረት አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ሰዓት ሠሪው ሥራውን ጀመረ። አስቀድሞ አቧራውን በለስላሳ ጨርቅ ጠረገ፤ አቧራ ካልተጠረገ ማወልወያውን እንደ አሸዋ ያደርገዋልና። መስታወቱንና ጀርባውን ሙጫ ባለው ወረቀት ሸፈነ። ቀጥሎም የሰዓቱን ጎን ወደ ብርሃን አዙሮ ተመለከተ፤ ከፋብሪካ ሲወጣ እንደ መስታወት የተወለወለ ብረት አለ፥ እንደ ፀጉር ቀጫጭን መስመር የተሠመረበትም አለ። መስመር ያለው ብረት በመስመሩ አቅጣጫ ብቻ ይፋቃል እንጂ እንደ ድስት በክብ አይፈተግም። የዚህ ሰዓት ጎን ግን የተወለወለ ነበረ፤ ስለዚህ መጀመሪያ በላመ የብርጭቆ ወረቀት፥ ቀጥሎ ይበልጥ በላመው፥ በመጨረሻ በማወልወያ ቅባትና በጨርቅ እየለወጠ ፋቀው። ወርቅ የተቀባ ሰዓት ቢሆን ኖሮ ሥራውን ባልጀመረም ነበር፤ ቅቡ ቶሎ አልቆ ከበታቹ ያለው ሌላ ብረት ይታያልና።

ጎኑ አበራ። ሰዓት ሠሪው ከጀርባው ላይ ወረቀቱን ላጠና፦ «አባቴ፥ የጀርባውንም ጭረት ማጥፋት እችላለሁ። ነገር ግን ጭረቱ ከፊደሉ ይልቅ ጥልቅ ነው፤ እርሱን ሳጠፋ ስሙ አብሮ ይጠፋል። ሌላ ስም ጽፌ ልሰጥዎ እችላለሁ፤ ይህ ግን የእኔ እጅ ጽሕፈት ይሆናል» አላቸው።

ሽማግሌው የልጅ ልጃቸውን፦ «አንተ ንባብ ታውቃለህ፤ ምን ይላል?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ሰዓቱን ወደ መስኮቱ ይዞ ሄደ። ፊደሉ ስለ ሳሳ አንድ በአንድ እየቆጠረ አነበበና የሟቹን ስም በድምፁ ተናገረ።

«እንግዲያስ ይነበባል» አሉ ሽማግሌው። «ጭረቱ ይቅር።»

ለሰዓት ሠሪው ዋጋውን ከፈሉትና ጉዞ ጀመሩ። ደረስጌም በደረሱ ጊዜ ሽማግሌው ከቤታቸው አልገቡም፤ የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው በቀጥታ እረኛው ወዳለበት ወደ መስኩ ሄዱ።