የባለሱቁ እምቢታ፦ ሴፋ እስጢፋኖስና የአሜሪካ ስኬት ትረካ

ሸዋ በር ከሐረር ጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ ነው። ሐረሪዎች አስማዲን በሪ ይሉታል፤ የአማርኛ ስሙ መንገዱ የሚያመራበትን አገር ይጠቁማል። በዙሪያው ከጉልትና ከአነስተኛ ሱቅ በሚገኝ ገቢ የሚኖር ሰው ጥቂት አይደለም። እንደዚህ ባሉ ሰፈሮች አሜሪካ የገባ ዘመድ ወሬ ሲነሣ አንድ ግምት አብሮ ይነሣል፤ የሄደ ሰው ሠርቶ ይለወጣል፣ ካልተለወጠም ጥፋቱ የራሱ ነው። የዲናው መንግሥቱ የመጀመሪያ ልብ ወለድ ይህን ግምት የሚፈትነው በአንድ ባለሱቅ ሕይወት ነው። ይህ ጽሑፍ ባለሱቁ የከሸፈ ስደተኛ ሳይሆን የሚጠበቅበትን ታሪክ ለመኖር እምቢ ያለ ሰው መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል።

ዲናው በ1978 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ተወልዶ በሕፃንነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ያደገውም በኢሊኖይ ግዛት ነው። ልብ ወለዱ በ2007 በአሜሪካ «ዘ ቢዩቲፉል ቲንግስ ዛት ሄቨን ቤርስ» ተብሎ ታተመ። ርእሱ ከዳንቴ ሲኦል መጨረሻ፣ ተጓዡ ከጨለማው ወጥቶ ሰማይን ዳግም ከሚያይበት ቦታ የተወሰደ ነው። በብሪታንያ በሌላ ርእስ ወጥቶ በዚያው ዓመት የጋርዲያንን የመጀመሪያ መጽሐፍ ሽልማት አግኝቷል።

ተራኪው ሴፋ እስጢፋኖስ አብዮቱን ሸሽቶ ከተሰደደ 17 ዓመት ሆኖታል። በዋሽንግተን ዲሲ፣ ሎጋን ሰርክል በተባለ ሰፈር አቧራ የጠገበ የሸቀጥ ሱቅ አለው። ማታ ማታ ኬንያዊው መሐንዲስ ኬኔትና ኮንጎዋዊው አስተናጋጅ ጆሴፍ እየመጡ ይቀመጣሉ። ጨዋታቸው የታወቀ ነው፤ አንዱ የአፍሪካ አምባገነን ስም ይጠራል፣ ሌሎቹ አገሩንና መፈንቅለ መንግሥቱ የተካሄደበትን ዓመት ይመልሳሉ። ጨዋታው ያስቃል፤ ሆኖም ሦስቱም ለስደት የተዳረጉበት ምክንያት በውስጡ አለ። የሴፋ አባት በቀይ ሽብር ዘመን በወታደሮች ተወስዶ የቀረ ነው፤ ልጁም ለዚህ ራሱን ሲወቅስ ይኖራል። ስለዚህ ሴፋ «ማደግ» የማይፈልገው በስንፍና ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል። መበልጸግ ማለት ለእርሱ ያ ሞት የአንድ ስኬታማ ታሪክ መግቢያ ሆነ ማለት ነው።

ንባቡን የሚወስነው ትዕይንት ከሱቁ ሲወጣ ያለው ነው። ከቤት እንዲለቅ የሚያዝዝ ማስታወቂያ ደርሶታል። ሁለት ጎብኝዎች ወደ ሱቁ ገብተው ሲወጡ ተከትሏቸው ይወጣል፤ በሩን አይቆልፍም፣ ጠባቂም አያቆምም። ከዚያም ከተማዋን አቋርጦ አጎቱ ብርሃነ ወደሚኖርበት፣ ኢትዮጵያውያን ወደ ሞሉት የሲልቨር ስፕሪንግ ሕንፃ ያመራል። በዚያም አጎቱ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች የጻፏቸውን ደብዳቤዎች ያነባል። ባለሱቅ ለሆነ ሰው ሱቅ ከፍቶ መሄድ ከንብረት ጥፋት በላይ ነው፤ በሸዋ በርም ቢሆን ጎረቤት «ምን ነካው?» ማለቱ አይቀርም። ሴፋ መፈክር አያሰማም፣ ከማንም አይጣላም። ዝም ብሎ ይሄዳል።

በርናርድ ማለሙድ በ1957 ባሳተመው «ዘ አሲስታንት» ውስጥም ድኻ ስደተኛ ባለሱቅ አለ። ሞሪስ ቦበር በብሩክሊን ሱቁ ውስጥ እንደ ታሰረ ሰው ይኖራል፤ ክብሩ በመጽናቱና በታማኝነቱ ላይ ነው። ማለሙድ መከራን በመታገሥ ውስጥ ሥነ ምግባርን ያያል። ዲናው ግን ትዕግሥትንም ይጠራጠራል፤ ሴፋ ለሱቁ ያን ያህል ታማኝ አይደለም፣ ጥሎት ሲሄድም ነጻ አይወጣም።

ይህ እምቢታ ንጹሕ ነው ማለት ግን አይደለም። ጁዲዝ የተባለች ነጭ ምሁር ከልጇ ከናኦሚ ጋር በሰፈሩ ቤት አድሳ ስትገባ፣ ሴፋ ከሁለቱም ጋር ይቀራረባል፤ ከናኦሚ ጋር «የካራማዞቭ ወንድሞችን» ሱቁ ውስጥ ተቀምጠው ያነባሉ። ነባሮቹ ነዋሪዎች እየተፈናቀሉ ነውና ቁጣ ይነሣል፤ በመጨረሻም የጁዲዝ ቤት ይቃጠላል። የሴፋ ማመንታት እዚህ ላይ ሌሎችንም ያስከፍላል። ወደፊት ላለመራመድ የወሰነ ሰው ለመውደድም ይቸግረዋል፤ ደራሲው ይህን ስላልሸሸገ ሊመሰገን ይገባል።

በ2010 የወጣው ሁለተኛው ልብ ወለድ «ሃው ቱ ሪድ ዘ ኤር» ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ያነሣዋል። ተራኪው ዮናስ ጥገኝነት ጠያቂዎችን በሚረዳ ማእከል ተቀጥሮ የአመልካቾችን ቃል ያስተካክላል፤ መከራቸው የአሜሪካን ጆሮ እንዲስብ ይጨምርበታል። በኋላም ለተማሪዎቹ የአባቱን የስደት ታሪክ በአብዛኛው ፈጥሮ ይነግራቸዋል። ሴፋ የሚጠበቅበትን ታሪክ ሳይኖር ቀርቷል፣ ዮናስ ደግሞ አብዝቶ አቅርቦታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ተመራማሪ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ስደተኛው ተሳካለት ወይ?» የሚለውን ሳይሆን ታሪኩን የሚሰማው ማን እንደሆነ ነው። ጥያቄው የውጭ ቢሮዎችን ብቻ አይመለከትም፤ አገር ቤት ስልክ የሚጠብቀውም ቤተሰብ አድማጭ ነው፣ እርሱም የሚፈልገው ዓይነት ታሪክ አለው።

የመጀመሪያው ልብ ወለድ ሲያበቃ ሴፋ ከአደባባዩ ሆኖ ሱቁን ከሩቅ ያየዋል። ተመልሶ መግባቱ ወይም አለመግባቱ አልተተረከም።