ኮሶን ለመመለስ ከሴቴዋ ዛፍ እንጀምር

የጃናሞራና የደባርቅ ደጋ አርሶ አደሮች፣ ዘንድሮ ለተከላ ስትዘጋጁ ከባሕር ዛፍ ጎን ለኮሶም ቦታ ያዙ። ትልልቅ ኮሶ ዛሬ በብዛት የሚታየው በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በገደል አፋፍ ነው። ዘሩ የሚገኘውም ከእነዚህ ዛፎች ነው።

ኮሶ ወንዴና ሴቴ ዛፉ ለየብቻ ነው። ሲያብብ ቀና ብላችሁ እዩት፤ የሴቴዋ ዘለላ ወደ ቀይ ያደላል፣ የወንዴው ነጣ ብሎ ቢጫማ ነው። ለኮሶ ትል ሲባል የሚሸመጠጠው የሴቴዋ አበባ ነው። ዘር ሳይቋጥር በየዓመቱ ካለቀ ዛፏ ቆማ ትመክናለች። ለትሉ ጤና ጣቢያ መድኃኒት አለና፣ በየመንደሩ የተመረጡ ሴቴ ዛፎች እንዳይነኩ በሽማግሌ ፊት ተስማሙ። በአቅራቢያቸው ያለ ወንዴም አይቆረጥ፤ ያለ እሱ ፍሬ የለም።

ዘለላው ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ፣ ንፋስ ሳይበትነው ልቀሙ፤ ከአንድ ዛፍ ብቻ ሳይሆን ከብዙ። ዘሩ እጅግ ደቃቅ ነው፤ መዳፍ ላይ አድርጋችሁ እፍ ብትሉት ይበናል። ብዙ ችግኝ ጣቢያ የሚከስረው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ እንደ ገብስ አፈር ውስጥ ይቀብሩታል። መደቡን አለስልሱ፣ ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ በትኑ፣ በስሱ አሸዋ ነስንሱበት፣ ሣር አልብሱት። ውኃ በደቃቅ ወንፊት ይሁን። ሲበቅል ሣሩን በጥቂት በጥቂቱ አንሡ፤ ሌሊት ግን ከውርጭ ከልሉት። ዘሩ ቆይቶ ስለሚመክን ለከርሞ አታስቀምጡ።

በሐምሌ መሬቱ ሲጠግብ ትከሉ፤ ችግኙ ያደገበትን ፕላስቲክ ሳታወጡ አትቅበሩ። ጥድና ወይራም በየሚስማማቸው ቦታ ይግቡ።

ከሁሉ የሚከብደው ከብቱ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1989 ዓ.ም በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቶ እስከ 2009 ዓ.ም ሲቆይ፣ ለመውጣት ከተጠየቁት አንዱ ግጦሽን መቀነስ ነበር። በእኛም ተራራ ያው ነው፤ ልቅ ግጦሽ ባለበት በደቦ የተተከለ ችግኝ ክረምቱን አያልፍም። ስለዚህ ቦታው ከከብት ተከልሎ፣ ሣሩ ታጭዶ ለማን እንደሚደርስ፣ ጠባቂው ማን እንደሆነ ከተከላው በፊት ይወሰን።

ዝናቡ ሲያበቃ በጥቅምት ዞራችሁ ቁጠሩ። በደረቀው ችግኝ ቦታ ድንጋይ አኑሩበት፤ የመጪው ሐምሌ ችግኝ የሚዘጋጀው በድንጋዩ ቁጥር ነው።