ሾላ በድፍን፤ ለጓሮ የሚስማማውን ሾላና በለስ ስለ መምረጥ

የኢትዮጵያ ሰው ውስጡ ያልታወቀ ነገር ሲገጥመው «ሾላ በድፍን» ይላል። ሾላ ከውጭ ሲያዩት ቀይና ያማረ ነው፤ ሲከፍቱት ግን አንዱ ጣፋጭ ሥጋ፣ ሌላው የተርብ ቤት ሆኖ ይገኛል። ይህ አነጋገር ለፍሬው ብቻ ሳይሆን ለዛፉም ይስማማል። ስሙን ብቻ ሰምቶ፣ ጠባዩን ሳይመረምር በለስ ወይም ሾላ በጓሮው የሚተክል ሰው ሾላ በድፍን እንደ ገዛ ይቆጠራል። ስሕተቱም የሚታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ይኸውም ዛፉ አድጎ ፍሬውን ሳያበስል ሲያረግፍ፣ ወይም ሥሩ የቤቱን ግድግዳ ሲሰነጥቅ ነው። ማሽላ ቢበላሽ በሚመጣው ክረምት ይዘራል፤ በዛፍ ላይ የጠፋ ዘመን ግን አይመለስም።

ይህ ትምህርት በባሮ ዳር ላለችው ለኢታንግና ለአካባቢዋ መንደሮች የተዘጋጀ ነው። አስተማሪው ለተማሮቹ በሚያስረዳበት ጊዜ የአገሩን ሽማግሎች ቢጋብዝ መልካም ይሆናል፤ የትኛው ዛፍ በየትኛው ሙላት እንደ ቆመና የትኛው እንደ ወደቀ ከእነርሱ ይበልጥ የሚያውቅ የለምና።

ስለ ምድሩና ስለ ውኃው

ኢታንግ ከጋምቤላ ከተማ በታች፣ በባሮ ወንዝ ዳር የተቀመጠች ቆላ ናት። ባሮ ከምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ ወርዶ፣ በሜዳው ላይ ወደ ምዕራብ እየተጠማዘዘ ከፒቦር ጋር ይገናኛል፤ ሁለቱም ሶባት ተብለው ወደ ነጭ ዓባይ ይገባሉ። የኢታንግ ስም በመንግሥታት ውል ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል፣ በኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ዳር ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ምድር ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ተፈቅዶ ነበር። ጣቢያው በጋምቤላ ተቋቁሞ፣ መርከቦች ከሱዳን እየመጡ ቡናና ሌላም ዕቃ ይጭኑ ነበር። ነገር ግን መርከቦቹ የሚመጡት ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ነበር፤ በበጋ ውኃው ስለሚጎድል መንገዱ ይዘጋ ነበር።

እንግዲህ ባሮ ሁለት ጠባይ አለው፤ ዛፍ የሚተክል ሰው ሁለቱንም ማሰብ ይገባዋል። ዝናሙ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ድረስ ያህል ይዘንማል፤ ወንዙም ሞልቶ በሜዳው ላይ ይፈሳል። በየካቲትና በመጋቢት ግን ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ ምድሩም ይሰነጠቃል። የአኙዋ ገበሬ ይህን አውቆ፣ ውኃው ሲሸሽ በቀረው ለም ደለል ላይ በቆሎ ይዘራል፤ የሚቀጥለው ሙላት ሳይደርስም ይሰበስባል። ዛፍ ግን እንደ በቆሎ ከሙላቱ አስቀድሞ የሚሰበሰብ አይደለም፤ በዚያው ቆሞ ሙላቱንም ድርቁንም ይቀበላል። ሁለቱን የማይችል ዛፍ ፍሬው የቱንም ያህል ቢጣፍጥ፣ ያለ ልዩ ጥበቃ በኢታንግ ጓሮ አይኖርም።

ስለ ስሞቹ መደባለቅ

በለስ የሚለው ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። በሰሜን ኢትዮጵያ በለስ የሚሉት የእሾኻሙን ቁልቋል ፍሬ ነው፤ ይህ ከአሜሪካ የመጣ ሌላ ተክል እንጂ የሾላ ዘመድ አይደለም። እውነተኛው በለስ ቅጠሉ እንደ እጅ መዳፍ የተከፋፈለ ትንሽ ዛፍ ሲሆን፣ የትውልድ አገሩ ምዕራብ እስያና የሜዲትራንያን ባሕር ዙሪያ ነው።

ሾላ የሚለውም ስም ቢያንስ ሁለት ዛፎችን ያጠቃልላል። አንደኛው ቅርፊቱ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ቅጠሉ ሲዳስሱት ሻካራ የሆነ ነው። ሁለተኛው ቅርፊቱ አመድማ፣ ቅጠሉ ለስላሳ፣ የቅጠሉም ጠርዝ ብዙ ጊዜ እንደ መጋዝ ጥርስ የሆነ ነው። ዋርካና ጭባሃም የዚሁ ቤተ ሰብ ናቸው፤ በኦሮምኛ ኦዳና ቂልጡ የሚባሉትም እንደዚሁ ናቸው። አኙዋና ኑዌር በየቋንቋቸው ይጠሯቸዋል። ተማሮች እነዚህን ስሞች ከአባትና ከእናታቸው ጠይቀው በደብተራቸው ቢጽፉ፣ አንዱ ዛፍ በስንት ስም እንደሚጠራ፣ አንዱም ስም ስንት ዛፍ እንደሚሸፍን ያስተውላሉ። ስም ለመነጋገር ይጠቅማል፤ ለመምረጥ ግን አይበቃም።

የቤተ ሰቡ ምልክት ሁለት ነው። መጀመሪያ፣ ቅጠሉ ወይም ቅርንጫፉ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል። ሁለተኛ፣ አበባው በውጭ አይታይም። ሰው ፍሬ የሚለው ነገር በውስጡ እጅግ ብዙ ጥቃቅን አበቦችን የያዘ ከረጢት ነው፤ በጫፉም ዐይን የምትባል ጠባብ ቀዳዳ አለችው።

ፍሬው እንዴት እንደሚያዝ

አበባው በከረጢት ውስጥ ስለ ተደበቀ ነፋስም ንብም አይደርስበትም። የአበባውን ዱቄት የምታመላልሰው እጅግ ትንሽ ተርብ ናት። ሴቲቱ ተርብ በዐይኑ በኩል ስትገባ መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ ክንፏ ይሰበራል፤ ከሌላ ፍሬ ያመጣችውን ዱቄት በአበቦቹ ላይ አራግፋ፣ እንቁላሏን ጥላ በዚያው ትሞታለች። ከእንቁላሎቹ የሚወጡት ወንዶች ክንፍ የላቸውም፤ ለእኅቶቻቸው መውጫ ሰርስረው በዚያው ያልቃሉ። ሴቶቹ ግን ዱቄት ተሸክመው ወደ ሌላ ፍሬ ይበርራሉ።

ከዚህ ሁሉ ለተካዩ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ በጠቅላላው እያንዳንዱ የዚህ ቤተ ሰብ ዛፍ የራሱ ተርብ አለው። የሾላ ተርብ በለስን አታገለግልም፤ የበለስም ተርብ ሾላን አታገለግልም። ይህን ሳያውቁ መትከል ምን እንደሚያስከትል በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ የሆነው ያስረዳል። በዚያ ያሉ አትክልተኞች በአውሮጳ አቆጣጠር ከ1880 በኋላ ከቱርክ አገር የታወቀውን የስሚርና በለስ አስመጥተው ተከሉ። ዛፎቹ አደጉ፤ ፍሬውም እየወጣ ሳይበስል ረገፈ። ብዙዎች የተታለሉ መሰላቸው። ጉድለቱ ግን የዛፉ ሳይሆን የተርቧ ነበር። በ1899 ተርቧ ከወንዴው በለስ ጋር ገብታ ከተራባች በኋላ ዛፎቹ አፈሩ። እነዚያ ባለጸጎች አትክልተኞች ተርብ በመርከብ ለማስመጣት ቻሉ፤ የመንደር ገበሬ ግን ይህን ለማድረግ አይችልም። ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻለዋል።

ስለ ዓይነቶቹ

1. ሾላ። ለኢታንግ የመጀመሪያው ምርጫ ይህ ነው። በወንዝ ዳር የሚበቅል ስለሆነ የውኃን መምጣትና መሄድ የለመደ ነው፤ ተርቡም ከዛፉ ጋር በአገሩ አለች። በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ስለሚያፈራ፣ የእህል ጎተራ በሚጎድልበት ወራት ለልጆች ትንሽም ቢሆን ማቆያ ይሆናል። ፍሬው ከበለስ ያነሰ ጣዕም አለው፤ ጥላው ግን በመጋቢት ፀሓይ ከፍሬው አያንስም። በግብጽ ይህችው የሾላ ተርብ ስለሌለች ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ ጥሬውን ፍሬ በስለት ጫር እያደረጉ ያበስሉት ነበር፤ ቁስሉ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ስለሚያስወጣ ፍሬው በጥቂት ቀን አብጦ ይበስላል። በኢትዮጵያ ሾላ ያለዚህ ድካም ይበስላል። የሾላ ጉዳቱ ትልቅነቱ ነው፤ ቅርንጫፉ እጅግ ይሰፋል፣ ሥሩም ይጠነክራል።

2. በለስ። ይህ ትንሽ ዛፍ ስለሆነ ለጠባብ ጓሮ ይመቻል፤ ከቁራጭ ቢተከል በ2 ወይም በ3 ዓመት ያፈራል። ነገር ግን ከውጭ የመጣ ስለሆነ ተርብ ሳይሻ የሚያፈራውን ወገን መምረጥ ግዴታ ነው። ብራውን ቱርኪ፣ ሰለስትና ካዶታ የሚባሉት ያለ ተርብ ያፈራሉ፤ ስሚርና ግን አያፈራም። ዳግመኛ በለስ ሲበስል ደረቅ አየር ይወዳል። በዝናም ወራት የሚበስለው በዐይኑ በኩል ውኃ ገብቶ ይኮመጥጣል ወይም ይሰነጠቃል፤ ቅጠሉንም ዋግ ይመታዋል። እንደ ሰለስት ዐይኑ ጠባብ የሆነው ይህን በተሻለ ይቋቋማል፤ የካዶታም ዐይን እንደ ማር ባለ ጠብታ ይዘጋል። ሥሩ በተኛ ውኃ ውስጥ ስለሚበሰብስ በኢታንግ የሚተከለው በከፍተኛ አፈር ወይም በትልቅ ገንቦ ነው። እንግዲህ በለስ ሁለተኛ ምርጫ ነው፤ ለሚጠነቀቅ ሰው ይሆናል።

3. ዋርካና ጭባሃ። ዋርካ የሸንጎ ዛፍ እንጂ የጓሮ ዛፍ አይደለም፤ የመንደር ሁሉ ጥላ ስለሆነ በአደባባይ ይተከል። ጭባሃ ወፍ በጣለችው ዘር በሌላ ዛፍ ላይ በቅሎ ሥሩን ወደ ምድር እያወረደ ተሸካሚውን ሊያንቀው ይችላል። ሆኖም በሰሜን ኢትዮጵያ ገበሬዎች ከቁራጭ እየተከሉ ቅጠሉን ለከብት መኖ ያደርጉታል። ፍሬ የሚሻ ሰው ከሁለቱም አይጠብቅ።

ሳይተክሉ የሚጠየቁ ሦስት ጥያቄዎች

መጀመሪያ፣ እናቲቱ ዛፍ ፍሬዋን ስታበስል ያየ ሰው አለን? ቁራጭ ሲወሰድ ስሙን ብቻ ነግሮ ከሚሰጥ ሰው ይልቅ፣ የበሰለ ፍሬ ከዛፉ ቆርጦ ከሚያሳይ ሰው መቀበል ይሻላል። ቁራጭ የእናቱን ጠባይ ይዞ ስለሚያድግ እናቲቱ ምስክር ትሆናለች። ከፍሬው ዘር የበቀለ በለስ ግን እናቱን ላይመስል ይችላል።

ሁለተኛ፣ ውኃው እስከ የት ይደርሳል? ሽማግሎች የትልቁን ሙላት ወሰን ያሳዩ፤ ተማሮችም በዚያ ላይ እንጨት ይትከሉ። ሾላ ከወሰኑ በታች ሊቆም ይችላል፤ በለስ ግን ከወሰኑ በላይ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ከ30 ዓመት በኋላ ዛፉ ምን ያህል ይሆናል? በአካባቢው ካለ ትልቅ ሾላ ሥር ሄዶ የጥላውን ስፋት በእርምጃ መለካት ይቻላል። ችግኙ ከቤት፣ ከጉድጓድ ውኃና ከጎረቤት አጥር ከዚያ እርምጃ በላይ ይራቅ። ጓሮው ይህን ያህል ስፋት ከሌለው፣ ሾላው በትምህርት ቤቱ ግቢ ወይም በመንደሩ የጋራ ቦታ ይተከል፤ በለሱ በጓሮ ይቅር።

ስለ አተካከሉ

እንደ አውራ ጣት የወፈረ፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ሦስት ወይም አራት ዐንጓ ያለው ቁራጭ ይወሰድ። ወተቱ እስኪደርቅ በጥላ ተቀምጦ፣ ከሦስቱ እጅ ሁለቱ እጅ በመደብ ይቀበር። ሥር እስኪሰድ ድረስ አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ አይጨቅይ። በአሸዋማ መሬት ሥሩን የሚያቆጠቁጡ ጥቃቅን ትሎች በለስን ስለሚጎዱ ፍግ በሚገባ ይጨመር፤ ሥሩ እባጭ ያለበት ችግኝም አይተከል። ደረቅ ቅጠልና ጭድ ከግንዱ ጋር ተጠግቶ እንዳይከማች ያስፈልጋል፤ ምስጥ ይጠራልና። ፍየልም እንዳይደርስበት በእሾኽ ይታጠር።

ስለ አበላሉ

ወተቱ ቆዳን ያቃጥላል፤ ከዐይን ከገባም ይጎዳል። ልጆች በእጃቸው ወተት ይዘው ዐይናቸውን እንዳያሹ ይነገራቸው። በለስ ከተቆረጠ በኋላ ጥሬው በደንብ አይበስልም፤ ስለዚህ በዛፉ ላይ ለስልሶ አንገቱን ሲደፋ ይለቀም። ሾላ ሳይከፈት አይበላ፤ ተከፍቶ ተርቡ ይራገፍ፣ ይታጠብም። የሌሊት ወፍ የነከሰው ፍሬ ምንም ቢያምር ይጣል። ከሥር የወደቀውም በየቀኑ ይጠረግ፤ ዝንብ ይሰበስባልና።

ያሰበው የተሳካለትን ሰው «በለስ ቀናው» ይሉታል። አነጋገሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን የዛፍ ነገር ለዕድል ብቻ የሚተው አይደለም። ተርቧን፣ ውኃውንና ቦታውን አስቀድሞ የጠየቀ ሰው፣ እርሱ ባይደርስበት እንኳ ልጆቹ ከጥላው ይቀመጣሉ፤ ከፍሬውም ይበላሉ።

ለተማሮች የሚቀርብ ጥያቄ

1. የሾላ አበባ በውጭ የማይታየው ስለ ምንድር ነው?
2. በካሊፎርኒያ የተተከለው የስሚርና በለስ ፍሬውን ያረገፈው ለምንድር ነው? በ1899 ምን ተደረገ?
3. በመንደራችሁ ያለው ሾላ ከሁለቱ ዓይነት የትኛው ነው? ቅርፊቱንና ቅጠሉን አይታችሁ መልሱ።
4. የጓሯችሁን መልክ ስላችሁ፣ የሙላቱን ወሰን፣ ቤቱንና ጉድጓዱን አመልክቱ። ሾላ የት ይተከል? በለስስ የት?
5. አያታችሁ የሚያስታውሱትን ትልቅ የባሮ ሙላት ጠይቁ፤ ከዚያ ሙላት በኋላ ቆመው የቀሩትን ዛፎች ስም ጻፉ።