የመስቀል ወፍ በበጋ ወዴት ትሄዳለች?

በእንጦጦ ማርያም ሠፈር የምንኖር ሁሉ አደይ አበባ በፈነዳ ጊዜ የመስቀል ወፍን ማየት ልማዳችን ነው። ኅዳር ሲገባ ግን ስለምትጠፋ አንዳንዱ «ወደ ቈላ ወረደች»፣ ሌላው «ባሕር ተሻገረች» ይላል። እኔም ሁለት ዓመት ያህል ደብተርና እርሳስ ይዤ እየተመላለስሁ ያየሁትን ለአንባቢዎች አቀርባለሁ።

አስቀድሞ፣ በዚህ ስም የሚጠሩት ወፎች ከአንድ ዓይነት በላይ መሆናቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ የምናገረው አካሉ ጥቁር፣ ትከሻውና ወገቡ ቢጫ ስለ ሆነው ነው። ይህን ጌጥ የሚለብሰው ወንዱ ብቻ ነው፤ ሴቷ ዓመቱን ሙሉ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ስለ ሆነች ማንም ልብ አይላትም። ዝናቡ ሣሩን ሲያሳድግ ወንዱ ጥቁር ላባ ያወጣል፤ ከሣሩ በላይ እየተንሳፈፈም ሴቷን ይጠራል። ጎጆው በረጅም ሣር ውስጥ ነው። የመራቢያው ወራት ሲያልፍ ጥቁሩን አርግፎ እንደ ሴቷ ቡናማ ይለብሳል።

እንግዲህ ወፉ የትም አልሄደም፤ ልብሱን ለወጠ እንጂ። ምስክር የሚፈልግ በታኅሣሥ ወደ ታጨደ የገብስ ማሳ ይሂድ። እህል ከሚለቅሙት ቡናማ ወፎች አንዳንዱ ብድግ ሲል ከወገቡ ላይ ቢጫ ብልጭ ይላል። ወንዱ ትከሻውንና ወገቡን በበጋም አይለውጥምና።

በእውነት ባሕር የሚሻገር ወፍ ማየት የሚወድ ደግሞ ከተራራው ወዲያ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ይውረድ። ከመስከረም ጀምሮ በከብቶች እግር ሥር ጅራቱን የሚወዘውዝ፣ ሆዱ ቢጫ የሆነ ትንሽ ወፍ ያገኛል። ይህ የተፈለፈለው በሩሲያ ወይም በምሥራቅ አውሮጳ ነው። በዚያ ብርዱ ሲገባ ዝንብና ትንኝ ስለሚጠፋበት በጋውን ከእኛ ጋር ያሳልፍና በመጋቢትና በሚያዝያ ይመለሳል። ሁለቱም ቢጫ አለባቸው፣ ሁለቱም ለመስቀል ይታያሉ፤ ሰው ቢያምታታቸው አያስገርምም።

ሊቃውንት የወፎችን መንገድ ያወቁት ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት እግራቸው ላይ በማሰር ነው። በ1911 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር ቀለበት የታሰረላት ጅራተ መቀስ ወፍ በ1912 መጨረሻ በደቡብ አፍሪካ፣ በናታል፣ ተይዛለች።

የእኛው ወፍ ግን ሣሩ ሲጠፋበት የሚሻገርበት ባሕር የለውም። ሣራችን የሚታጨደው ገና ጫጩት በጎጆው ውስጥ ሳለ ነው። ባለፈው ዓመት አጎቴን ከምንጩ አጠገብ ያለውን ጥግ እስከ ኅዳር እንዲተውልኝ ለመንሁት፤ እየሳቀም ተወልኝ። በኅዳር ገብቼ ብፈልግ ጫጩቶቹ ወጥተው የሄዱባቸው ሁለት ጎጆዎች አገኘሁ።