የጥብሱ ኃይል በየትኛው ዘርፍ ይመዘገባል?

ካምፓላ፣ ካባላጋላ ውስጥ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ብዙ ናቸው። እዚያ የሚቀርብ አንድ ሰሃን የበሬ ጥብስ የዓለም የኃይል ፍጆታ በዘርፍ እንዴት እንደሚከፋፈል ለማስረዳት ይበቃል።

በዓለም ደረጃ ለተጠቃሚ ከሚደርሰው ኃይል ኢንዱስትሪ ሲሶ ያህሉን፣ ትራንስፖርት ከሩብ በላይ፣ መኖሪያ ቤት አንድ አምስተኛ ገደማ ይወስዳሉ። ንግድና አገልግሎት 8 በመቶ አካባቢ ነው። እርሻ፣ ከብት እርባታና ዓሣ ማስገር ተደምረው ከ2 እስከ 3 በመቶ ብቻ ናቸው። ቀሪው በአብዛኛው ለፕላስቲክና ለመሳሰሉት ምርቶች ጥሬ ዕቃ የሚሆን ነዳጅ ነው።

ታዲያ የከብት ሥራ ኃይል አይፈጅም ማለት ነው? አይደለም። ስሌቱ የሚከተለው ኃይሉን የተጠቀመበትን ዘርፍ እንጂ ከብቱን አይደለም። በእርባታው ቦታ ውሃ የሚስበው ሞተር ነዳጅ በእርሻ ይመዘገባል። በሬው ከምባራራ ተጭኖ ካምፓላ እስኪደርስ 270 ኪሎ ሜትር ያህል የሚነደው ናፍጣ የትራንስፖርት ነው። የቄራው ሙቅ ውሃና ማቀዝቀዣ ወደ ኢንዱስትሪ፣ የምግብ ቤቱ ፍሪጅና ከሰል ወደ ንግድና አገልግሎት ይሄዳል። ያው ሥጋ ቤት ተወስዶ ቢጠበስ ደግሞ ከሰሉ በመኖሪያ ቤት ይቆጠራል።

በኡጋንዳም ሆነ በኢትዮጵያ ቅደም ተከተሉ ከዓለሙ ይለያል። ትልቁ ተጠቃሚ መኖሪያ ቤት ነው፤ አብዛኛው ሕዝብ የሚያበስለው በእንጨትና በከሰል፣ በኢትዮጵያ ገጠር በኩበትም ጭምር ነውና።

ከሰል ሌላም ስውር ወጪ አለው። በባህላዊ ዘዴ 1 ኪሎ ከሰል ለማክሰል ከ5 እስከ 8 ኪሎ እንጨት ያስፈልጋል። ከእንጨቱ ኃይል ከግማሽ በላዩ ምድጃ ሳይደርስ ይባክናል። ይህ ብክነት በተጠቃሚዎቹ ድርሻ ውስጥ አይታይም፤ ደኑ ግን ይከፍለዋል። ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 በሰሜን ኡጋንዳ ለንግድ ከሰል ማክሰልን የከለከሉትም ደን እየተመናመነ በመሄዱ ነው።

ለከብት ነጋዴ ትምህርቱ ይህ ነው፦ በእርሻ ስም የተጻፈውን ትንሽ ቁጥር አይቶ የኃይል ዋጋ አይነካኝም ማለት አይቻልም። ናፍጣን፣ ማቀዝቀዣንና ከሰልን ለየብቻ መዝግቦ ለተሸጠው ሥጋ ኪሎ ማካፈል ወጪው የት እንዳለ ያሳያል። 20 በሬ የሚይዝ መኪና 10 ብቻ ጭኖ ቢመጣ፣ የእያንዳንዱ በሬ የናፍጣ ድርሻ ወደ እጥፍ ይጠጋል።