ከባድ ተሳቢን በፎር ዊል መኪና ስለ መጎተት

ለኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

የጭነት መኪና በቀላሉ በማይገኝበት አካባቢ እህል፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ የሚጓጓዘው በተገኘው መኪና ነው። ይህም ብዙውን ጊዜ ሾፌሮች «ፎር ዊል» የሚሉት፣ በአራቱም ጎማዎቹ የሚስብ ፒክአፕ ሆኖ ከኋላው ተሳቢ ይቀጠልበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ተሳቢው ምን ያህል መጫን እንዳለበት፣ ጭነቱ የት መቀመጥ እንደሚገባውና ቁልቁለት እንዴት እንደሚወረድ ማስረዳት ነው። ስለ ትራክተር ጋሪ እዚህ አናነሣም፤ ፍጥነቱም አያያዙም የተለየ ነው።

መሳብና ማቆም

ፎር ዊል መኪና ጭቃ አያቆመውም፣ ዳገትም አይመልሰውም። በመሆኑም ጭነት የሚያስጭነው ሰው «መኪናው ከሳበው ምን ችግር አለ?» ይላል። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ አስተሳሰብ ነው። አራቱም ጎማዎች መሳባቸው መኪናው መሬቱን ቆንጥጦ እንዲይዝ ይረዳዋል እንጂ ፍሬኑን አያጠነክርለትም። ፎር ዊል ያልሆነ መኪናም ቢሆን ፍሬን ሲያዝ የሚይዘው በአራቱም ጎማ ነው። ስለዚህ የጭነቱ ልክ የሚወሰነው ዳገት በመውጣት ሳይሆን ቁልቁለት ላይ ለመቆም በመቻል ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 2,300 ኪሎ የሚመዝን መኪና ፍሬን የሌለውን 2,100 ኪሎ ተሳቢ ቢጎትት፣ ያው የመኪናው ፍሬን እጥፍ ሊሆን የተቃረበ ክብደት ማቆም ይኖርበታል። ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚሄደው ርቀትም ወደ እጥፍ ይጠጋል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ከፍ ካለ ደግሞ ያ ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል።

የመኪና ፋብሪካዎች ለመጎተት ሁለት የተለያዩ ወሰኖች የሚሰጡት ለዚሁ ነው። በብዙ ፎር ዊል መኪናዎች መመሪያ ላይ ፍሬን ለሌለው ተሳቢ የተፈቀደው 750 ኪሎ ሲሆን፣ ፍሬን ላለው እንደ መኪናው ዐይነት እስከ 3,500 ኪሎ ይደርሳል። ሰው የሚያስታውሰው ትልቁን ቁጥር ብቻ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ በላንድ ክሩዘር ካራቫን፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ቤት፣ ሲጎተት ያየ ሰውም «ይኸው ሦስት ቶን ይስብ የለም ወይ?» ሊል ይችላል። ነገር ግን በዚያ አገር ደንብ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው። ከ2,000 ኪሎ በላይ ሲሆን ፍሬኑ በሁሉም ጎማዎቹ ላይ መሆን አለበት፤ ተሳቢው ከመኪናው ቢላቀቅም ፍሬኑ በራሱ እንዲይዝ የሚያደርግ መሣሪያ ይገጠምለታል።

እነዚህ ወሰኖች የተሳቢውን የራሱን ክብደት ይጨምራሉ። ባዶውን 600 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ 15 ኩንታል ሲጫን 2,100 ኪሎ ይሆናል። ይህ ተሳቢ ፍሬን ከሌለውና የመኪናው ወሰን 750 ኪሎ ከሆነ ግን ሊጭን የሚችለው 150 ኪሎ፣ ማለትም አንድ ኩንታል ተኩል ብቻ ነው። ቁጥሩ ብዙዎችን እንደሚያስገርም እናውቃለን፤ ሆኖም ሒሳቡ ይኸው ነው። ተሳቢ በየአካባቢው ብረት ቤት ሲያሠራ ገንዘብ ለመቆጠብ ፍሬኑን የሚያስቀር ማኅበር፣ ገንዘቡን አንድ ኩንታል ተኩል ብቻ ለሚጭን ዕቃ ማውጣቱን ማወቅ ይኖርበታል።

የኤክስቴንሽን ሠራተኛው በዚህ ረገድ ትልቅ ድርሻ አለው። የጭነቱን ልክ አስቀድሞ ከማኅበሩ አመራር ጋር መወሰንና መጋዘኑ በር ላይ በጽሑፍ መለጠፍ ያስፈልጋል። ሾፌሩ መኪና ውስጥ ከገባ በኋላ «አምስት ኩንታል ብቻ ጨምርበት» የሚለውን ሰው ብቻውን እንዲከላከል መተው ተገቢ አይደለም። በተሳቢ ላይ ሰው ማሳፈርም በፍጹም መከልከል አለበት።

ጭነቱ የት ይቀመጥ?

ክብደቱ በልኩ ሆኖ አቀማመጡ ከተበላሸ አደጋው ያው ነው። ጭነቱ ወደ ኋላ ካደላ ተሳቢው የመኪናውን የኋላ ክፍል ወደ ላይ ያነሣል፤ ፍጥነት ሲጨምርም ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ጭነቱ ያለ መጠን ወደ ፊት ካደላ ደግሞ የመኪናው የኋላ ባሌስትራ ይረግባል፣ የፊት ጎማዎቹ ይቀላሉ፣ መሪው አልታዘዝ ይላል። ለምሳሌ በመኪናው አክስሎች መካከል 3 ሜትር፣ ከኋላው አክስል እስከ መቀጠያው ኳስ 1.20 ሜትር ቢሆን፣ ኳሱ ላይ የሚያርፍ 150 ኪሎ የኋላውን አክስል በ210 ኪሎ ይጫነዋል፤ ከፊተኛው ላይ 60 ኪሎ ያነሣል። በፒክአፑ ላይ የሚጫነው ዕቃ ሲወሰን ይህ መታሰብ አለበት።

እኛ የምንመክረው ከተጫነው ተሳቢ ጠቅላላ ክብደት ከ7 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው በኳሱ ላይ እንዲያርፍ ነው። ለ2,100 ኪሎ ተሳቢ ይህ ከ150 እስከ 210 ኪሎ መሆኑ ነው። በመቀጠያው ላይ የተጻፈው ወሰን ከዚህ ካነሰ ጭነቱን ወደ ኋላ በመግፋት ማስተካከል አይገባም፤ መቀነስ ነው።

ይህን ለመለካት ማኅበሩ እህል የሚገዛበት፣ መሬት ላይ የሚቀመጠው ሚዛን ይበቃል። የተጫነውን ተሳቢ ደልዳላ መሬት ላይ አቁሞ ለጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም ታኮ ማድረግ ያስፈልጋል። ከዚያ ሚዛኑን ከተሳቢው መቀጠያ ሥር አስቀምጦ፣ በላዩ ጠንካራ ግንድ አቁሞ መቀጠያውን በግንዱ ላይ ማሳረፍ ነው። መቀጠያው በመኪናው ኳስ ከፍታ ልክ እንዲሆን ግንዱ ተለክቶ ይቆረጥ። ሚዛኑ 90 ኪሎ ቢያሳይ ጭነቱ ወደ ኋላ አድልቷል። ከተሳቢው አክስል እስከ መቀጠያው 3 ሜትር ከሆነ፣ ሁለት ኩንታል አንድ ሜትር ወደ ፊት ሲሳብ 67 ኪሎ ያህል ይጨመርና 157 ይሆናል። አንድ ጊዜ በትክክል ከተገኘ በኋላ የጆንያዎቹን ቦታ በተሳቢው ወለል ላይ በቀለም ማስመር ጥሩ ነው፤ ሁልጊዜ መመዘን አያስፈልግም።

ውሃ የሚያመላልሱ ማኅበራት አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ መሆኑን አይርሱ። በርሜሉ ወይም ሙሉ ወይም ባዶ ይሁን፤ በግማሽ ሲሞላ ውሃው መታጠፊያና ፍሬን ላይ እየተንቦጫረቀ ተሳቢውን ይገፋዋል።

ከመነሣት በፊት ሾፌሩ የመቀጠያው መቆለፊያ መግባቱን፣ ሁለቱ የመጠባበቂያ ሰንሰለቶች ከመቀጠያው ሥር ተቆላልፈው መታሰራቸውን፣ የፍሬን መብራትና ፍሬቻ መሥራታቸውን ያያል። የጎማ ነፋስ ከጉዞ በፊት ጎማው ሳይሞቅ ይለካል። የተሳቢው ጎማ ተፈትቶ ከተገጠመ ዳዶዎቹ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከተሄደ በኋላ እንደገና ይጠበቁ።

በጉዞ ላይ

በአስፋልት ላይ እንኳ ከባድ ተሳቢ የጎተተ መኪና በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ እንመክራለን። ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝና ነዳጅ መስጫውን ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው። በመሪ ለማስተካከል መታገል፣ ፍሬን በድንገት መርገጥ ወይም «ፍጥነት ያቃናዋል» ብሎ ነዳጅ መስጠት ሁሉም ያባብሱታል።

ዳገት ላይ ከፍታም ይታሰብ። ተርቦ የሌለው ሞተር ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ደጋ ላይ መኪናው ቢደክም ሞተሩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ዋናው ፈተና ግን ቁልቁለት ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው መንገድ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ወደ 1,400 ሜትር ይወርዳል። መኪናውና ተሳቢው ባንድነት 4,700 ኪሎ ቢሆኑ፣ በዚህ ቁልቁለት የሚለቁት ኃይል 200 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ በርሜል ለማፍላት ይበቃል። ሾፌሩ በፍሬን ብቻ ከወረደ ይህ ሙቀት በሙሉ ማለት ይቻላል የሚገባው በፍሬን ሸራና በታምቡር ውስጥ ነው። ሸራው ሲግል መያዙን ይተዋል፤ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው አይቆምም።

ስለሆነም ከባዱ ማርሽ የሚገባው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። መኪናው በሞተሩ ተይዞ ይወርዳል፤ ፍጥነት ሲጨምር ፍሬን ጠበቅ አድርጎ ይዞ መልቀቅ እንጂ እግርን ፔዳል ላይ አሳርፎ መውረድ አይገባም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ፎሌ አድርጎ መውረድ በራስ ላይ መፍረድ ነው።

ብዙ ተሳቢዎች ፍሬናቸው የሚሠራው በግፊት ነው፤ መኪናው ሲቀዘቅዝ ተሳቢው ይገፋዋል፣ ያ ግፊት ፍሬኑን ያሲዛል። በዚህ ዐይነቱ ተሳቢ መኪናው በሞተር ተይዞ ሲወርድም የተሳቢው ፍሬን ያለማቋረጥ ይሠራል፣ ይግላልም። በመሆኑም በረጅም ቁልቁለት ሰፊና ደልዳላ ቦታ እየፈለጉ ማረፍ ግድ ነው። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከመጣ ወይም ፔዳሉ ከላላ ወዲያውኑ ቆሞ ታኮ ማድረግና ራሱ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ይገባል። በጋለ ታምቡር ላይ ውሃ ማፍሰስ ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ፎር ዊሉን መቼ እናስገባ?

አብዛኞቹ የሥራ ፒክአፖች ፎር ዊል ሲገባ የፊቱና የኋላው አክስል እኩል እንዲዞሩ ይቆለፋሉ። መታጠፊያ ላይ ግን የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ። ጠጠርና ጭቃ ላይ ጎማው ትንሽ ስለሚንሸራተት ችግር የለውም፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ግን መሪው ይከብዳል፣ ጥርሶቹም ይጎዳሉ። ስለዚህ ደረቅ አስፋልት ላይ ይውጣ፤ ጠጠር ቁልቁለት ላይ ይግባ፣ የሞተሩ መያዝ ለአራቱም ጎማ ይዳረሳልና። በጣም ቀጥ ባለ ጠጠር ቁልቁለት ላይ «ሎው» የሚባለው ማርሽ ይሻላል። የፊት ጎማ መቆለፊያው በእጅ የሚዞር ከሆነ ከመኪና ወርዶ መቆለፍ አይረሳ።

መረሬ አፈር ላይ ፎር ዊሉ የሚገባው ጭቃው ውስጥ ከመግባት በፊት ነው። መኪናው ከተያዘ ተሳቢውን ፈትቶ መኪናውን ብቻ ማውጣት፣ ከዚያ ጭነቱን ማቅለል ይቀድማል። በሌላ መኪና ማስወጣት ካስፈለገ ሰንሰለቱ ወይም ገመዱ በተሳቢ መቀጠያው ኳስ ላይ መታሰር የለበትም። ኳሱ ለተስተካከለ ጉተታ እንጂ በድንገት ለሚመጣ ንጠቃ አልተሠራም፤ ሲሰበር ገመዱ እንደ ወንጭፍ ይወረውረዋል፣ ሰውም ይገድላል። ገመዱ በሻንሲው ላይ በተሠራው መጎተቻ ይታሰር፤ ሰዎችም ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቁ።

ሲራገፍ

ተሳቢው ከመኪናው ሳይፈታ በሁሉም ጎማዎቹ ታኮ ይደረግ። ማራገፍ የሚጀመረው ከኋላ ነው። የፊቱ ጭነት ቀድሞ ከወረደ የቀረው ክብደት መቀጠያውን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ያን ጊዜ መቆለፊያውን የሚፈታ ሰው ብረቱ አገጩን ሊመታው ይችላል። በመሆኑም መቀጠያው የሚፈታው ተሳቢው ባዶ ከሆነ በኋላ፣ ወይም ከኋላው ጠንካራ ድጋፍ ከቆመለት በኋላ ነው።